የበረሃ አበል

እትዬ መጋረጃ ፊታቸውን በሳሙና አረፋ ሸፍነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የቧንቧውን መክፈቻ በእጃቸው እየዳበሱ ሳለ ነው የወንድ ልጃቸው ድምፅ ከወጥ ቤት የተሰማቸው። መታጠቢያ ቤቱና ወጥ ቤቱ የሚጋሩት ግድግዳ ከላይ በኩል ቀዳዳ አለው፤ ግንበኛው ለአየር ብሎ ከፍቶት ለወሬ መግቢያ ሆኖ የቀረ ቀዳዳ። «ማታ ካምፑ ላይ አንቺ ትነግሪያታለሽ» አለ አቡሽ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ እየመሰለው። «እዚያ ሰው ስላለ አታለቅስም።» ሴት ልጃቸው ሚጡም እዚያው ናት። ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ቆየና «ለምን እኔ? ቤቱ ይሸጥ ያልከው አንተ» አለች። «ገዢውን ያመጣሽው ደግሞ አንቺ። የቀረው የሷ ፊርማ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ከዓመቱ ግማሹን እኔ ጋ፣ ግማሹን አንቺ ጋ። ምን ይከብዳል? ሻንጣዋን ይዛ መምጣት፣ ሻንጣዋን ይዛ መሄድ ነው።»

አረፋው ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ አቃጠላቸው። ውሃውን ከፍተው እስኪበቃቸው ታጠቡ። ደግሞ እንደገና ታጠቡ። ወጥተው «ሰምቻለሁ» ማለት ይችሉ ነበር፤ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መስኮት ሲለኩ የኖሩ ሴት ናቸው። መጋረጃ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወንበር ላይ ሲቆም ባለቤቶቹ እንደ ዕቃ ይረሱታል፤ ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ያረጀ አባት ይመናጨቃል፣ ኮረዳ በስልክ ታለቅሳለች። የሰሙትን እዚያው ትተው መውጣት የሙያው ግማሽ ነው። ሰፈርተኛው እትዬ መጋረጃ ያላቸው ለስፌታቸው ብቻ ሳይሆን፣ የሰው ገመና ስለሚሸፍኑም ጭምር ነው ይባላል። ይህ ስም ግን ከራሳቸው ልጆች ገመና ፊት ሲያቆማቸው ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር። ፎጣውን አጣጥፈው ሰቀሉና ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው «ሻይ አለ?» አሉ። ሁለቱ ልጆቻቸው እኩል ብድግ አሉ።

አቡሽ መድኃኒት ቤት ያለው፣ ፀጉሩ ከፊት የሸሸ፣ ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፍ ሰው ነው። ሚጡ ባንክ ውስጥ የብድር ክፍል ኃላፊ ናት። ሁለቱም በየመሥሪያ ቤታቸው አንቱ ይባላሉ፤ በእናታቸው ቤት ግን የሕፃንነት ስማቸው ሙጭጭ ብሎ ቀርቷል። የዛሬው የበረሃ ጉዞ ለእናታቸው የልደት ስጦታ ነው ተብሏል። በማስታወቂያው ላይ መኪና ከአሸዋ ኮረብታ ሲዘል፣ ሴቶች ግመል ላይ ሆነው ሲስቁ፣ ማታ ምንጣፍ ላይ እራት ሲቀርብ ይታያል። ሚጡ ስልኳን ዘርግታ ስታሳያቸው እትዬ መጋረጃ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ረጅም ጊዜ አይተውት ነበር። ያዩት ግመሉን አልነበረም። ከኋላ ያለውን ሜዳ ነበር፤ የዛገ ብረት የመሰለውን ቀለም፣ ከሰማዩ ጋር የሚገናኝበትን ቀጭን መስመር። «እሄዳለሁ» ያሉት ለዚያ ሲሉ ነው። አሁንም አልቀርም አሉ በልባቸው፤ ስጦታው ማባበያ ቢሆንም ሜዳው የነሱ አይደለም።

የጉዞ ድርጅቱ መኪና ነጭ፣ ጎማው ሰፋፊ፣ ሾፌሩም እንደ መኪናው ደልደል ያለ ሰው ነበር። ሥራ ባልደረቦቹ ካፒቴን ይሉታል። «እማማ እዚህ፣ ከኔ ጎን» ብሎ የፊተኛውን በር ከፈተላቸው። ልጆቹ ከኋላ ተቀመጡ። ከተማው እስኪያልቅ ድረስ ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ማር ነበር። እማዬ ነፋሱ በዛብሽ? እማዬ ውሃ? እማዬ ወንበሩን ላስተኛልሽ? እትዬ መጋረጃ «ደህና ነኝ» እያሉ መስኮቱን ተጠጉ። ጋራዦቹ፣ የጎማ ጥገና ቤቶቹ፣ ብሎኬት ማምረቻዎቹ አለፉና ግራና ቀኙ ባዶ ሆነ። አስፋልቱ ብቻ ቀጥ ብሎ ወደፊት ሄደ።

«ይቺን መንገድ ባለቤቴ ነው የደለደላት» አሉ ድንገት።

ካፒቴን መሪውን እንደያዘ ዞር ብሎ አያቸው። «መሐንዲስ ነበሩ?»

«ኧረ የምን መሐንዲስ፣ ግሬደር ነጂ! የበረሃ አበል እየተከፈለው። እዚህ አሸዋ ውስጥ እንዲገባ ይከፍሉት ነበር፤ ዛሬ ልጆቹ ለመግባት ይከፍላሉ።»

ካፒቴን ከት ብሎ ሳቀ። ልጆቹም ሳቁ፤ ከቀልዱ በላይ ሳቁ። ከዚያ ዝምታ ሆነ፤ በዘመዳሞች መካከል የሚሆነው፣ አንዱ ሌላው እንዲናገር የሚጠብቅበት ዓይነት ዝምታ። ሚጡ ጥፍሯን ነካከሰች። አቡሽ ስልኩን ከፈተ፣ ዘጋ። እትዬ መጋረጃ ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ብቻቸውን አልነበሩም። በሐሳባቸው ድሮ የኖሩበትን፣ ጎማ ላይ የቆመውን የቆርቆሮ ቤት ያዩ ነበር። የመንገድ ሥራ ካምፑ ለባለትዳር ሠራተኞች የሚሰጠው ካራቫን ነበር፤ አልጋው ከግድግዳ ተዘርግቶ ጠዋት ተመልሶ የሚታጠፍ፣ ምድጃው ሁለት ድስት የማይችል፣ ቆርቆሮው ከቀትር በኋላ በሙቀት እየተንጣጣ እንደ ሰው የሚያጉተመትም። ባላቸው ማታ ሲመጣ ከቅንድቡ እስከ ጫማው አንድ ቀለም ነበር። ፊቱን ሲታጠብ እንደ አዲስ ሰው ከአቧራው ውስጥ ይወጣል፤ እሳቸውም ፎጣውን ይዘው ሲጠብቁ በየቀኑ እንግዳ የሚቀበሉ ይመስላቸው ነበር። የመጀመሪያውን መጋረጃ የሰፉት እዚያ ነው። የምዕራቧ ፀሐይ በመስኮቷ እየገባች ሕፃኑን አቡሽን ስታስለቅስባቸው አንሶላ ቀደው በእጅ ሰፍተው ሰቀሉ። የፎርማኑ ሚስት አይታ ለኔም አለች። ሙያው እንዲህ ጀመረ፤ ከባላቸው ሞት በኋላ ሁለት ልጅ ያሳደገው ሙያ።

አስፋልቱን ለቀው ጥቂት እንደሄዱ ካፒቴን ወርዶ አሸዋው እንዳይዛቸው ጎማዎቹን አስተነፈሰ። «አሁን ያዝ አድርጉ!» አለና መኪናዋን ወደ መጀመሪያው የአሸዋ ኮረብታ ወረወራት። ሰማይ ብቻ ሆነ። ቀጥሎ አሸዋ ብቻ ሆነ። ሚጡ ጮኸች። እትዬ መጋረጃ የበሩን እጀታ ጨብጠው ሳሉ ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ድምፅ አመለጣቸው። መኪናዋ ጎኗን ሰጥታ ስትንሸራተት፣ እንደገና ስትወጣ፣ ከጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ስትወርድ ከኋላ የአቡሽ ድምፅ ጠፍቶ ነበር። «አቁም! አቁም በናትህ!» አለ በመጨረሻ። ካፒቴን ገና ሳያቆም አቡሽ በሩን ከፍቶ ሊወርድ ምንም አልቀረውም። መኪናዋ እንደቆመች አሸዋው ላይ ተንበርክኮ የጠዋቱን ሻይ አስመለሰው።

ሚጡ መሐረብ ፍለጋ ቦርሳዋን ስትበረብር እናቱ ወርደው አጠገቡ ተንበርክከው ነበር። አንዱን እጃቸውን ግንባሩ ላይ፣ ሌላውን ጀርባው ላይ አደረጉ። ግንባሩ ሰፍቷል፤ በፊት መዳፋቸው የሚሸፍነው ግንባር አሁን ከጣታቸው ያልፋል። ያስመለሰውን በጫማቸው አሸዋ ገፍተው ሸፈኑት። «አይዞህ የኔ ልጅ። በሕፃንነትህም ውሃ ጫኝ ቦቴ ላይ ስትሳፈር እንዲህ ነበርክ።» አቡሽ ቀና ሳይል «ይቅርታ እማዬ» አለ። ለየትኛው እንደሆነ አልጠየቁትም። ጀርባውን መታ መታ አደረጉለትና ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

ከዚያ ወዲያ ቀኑ ለሌላ ሰው የታቀደ ይመስል ነበር። ሚጡ ባለአራት ጎማ ሞተር ብስክሌት ነድታ መነጽር ያልሸፈነው ፊቷ በአቧራ ቡናማ ሆኖ ተመለሰች። አቡሽ ጥላ ሥር ተቀምጦ ውሃ ተጎነጨ። ግመሎቹ እንደ ወረፋ ጠባቂ ሰው ተሰላችተው ተቀምጠው ነበር፤ እትዬ መጋረጃ ግመል አልፈልግም አሉ። ሰዎች በሰሌዳ ከኮረብታው እየተንሸራተቱ የሚወርዱበትን ቦታ ግን ቆመው አዩ። አዩ፣ አዩና ጫማቸውን አወለቁ።

«እማዬ፣ ምን ልትሆኚ ነው?» አለች ሚጡ።

«ልንሸራተት።»

«ወገብሽስ? አብደሻል እንዴ!»

«ወገቤን ይዤው ነው የምሄደው።»

ካፒቴን እጃቸውን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ጫፉ አወጣቸው። ሰሌዳው ላይ አስቀመጣቸው፣ ገመዱን አስያዛቸው። ከላይ ሲታይ ሚጡ ከታች ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ አቡሽ ከጥላው ወጥቷል። ድሮ በመንገድ ሥራው ካምፕ ሳሉ አንድ ምሽት፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ባላቸው የሬንጅ በርሜል ክዳን በእጁ ይዞ መጥቶ «ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብሏቸው ነበር። ከካምፑ ጀርባ ካለች ትንሽ ኮረብታ ላይ አስቀምጦ ገፋቸው። የዚያን ጊዜ ቀሚሳቸውን ይዘው የጮሁት ጩኸት ፎርማኑን ከእንቅልፉ ቀስቅሶታል። በማግስቱ ማንም ሰው ሳይጠይቀው ባላቸው ለሠራተኛው ሁሉ «ጅብ ነው፣ ጅብ ነው የጮኸው» እያለ ሲያስረዳ ዋለ። ካፒቴን «ዝግጁ?» አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አሸዋው ከሥራቸው ሸሸ፤ ነፋሱ ሻሻቸውን ወሰደው፤ መሬቱ ቶሎ መጣ። ታች ደርሰው በጎናቸው ተንከባለሉ። ሚጡ እየሮጠች ደርሳ ስታነሣቸው ጥርሳቸው አሸዋ ነክሶ፣ ዓይናቸው ውሃ አቅርሮ፣ ድምፅ የሌለው ሳቅ እየሳቁ ነበር። ሳቁ አልቆም ሲላቸው ልጅቷም ተከትላ ሳቀች። የሚያስቃትን አላወቀችም፤ እናቷን እንዲህ አይታ አታውቅም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ወደ ማታው ካምፕ ለመሄድ ሲሳፈሩ እትዬ መጋረጃ ካፒቴንን ጠየቁት። ድሮ እዚህ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነበረ፤ የውሃ ታንከር የቆመበት፣ ያውቀው ይሆን? «ታንከሩ የለም እንጂ ሲሚንቶው አለ፤ ከመንገዳችን ብዙ አይርቅም» አላቸው። ወሰዳቸው። በእርግጥም ብዙ ነገር አልነበረም። ታንከሩን ተሸክሞት የነበረ የሲሚንቶ መደብ፣ ግማሹን አሸዋ የበላው፤ አንድ የተጠመዘዘ ሽቦ፤ ሌላው ነፋስ ነው። ሚጡ በስልኳ ፎቶ አንስታ ሲወጣ ባዶ መሬት ብቻ መሆኑን አይታ አጠፋችው። እትዬ መጋረጃ «ካራቫናችን እዚያ ጋ ነበር፤ በሩ ወደዚህ ዞሮ» ብለው በእጃቸው ወደ ባዶው አመለከቱ። አቡሽ መደቡ ላይ ወጥቶ እናቱ ወዳመለከቱት ቦታ ሲያይ ቆየ። ካፒቴን ሁለት ጊዜ ጠርቶት ነው የወረደው።

ካምፑ በምንጣፍ የተነጠፈ ክብ ሜዳ ነበር። ዙሪያውን ድንኳን፣ መሐሉ ላይ የእንጨት እሳት፣ አጫጭር ጠረጴዛ፣ መደገፊያ ትራስ። ከሌሎች መኪናዎች የወረዱ ሰዎች በየክባቸው ተቀምጠው ፎቶ ይነሣሉ። ከድንኳኖቹ ጀርባ ጄኔሬተር ያንጎራጉራል። በከሰል የተጠበሰ ዶሮ፣ ሩዝና ሰላጣ መጣ፤ ቀጥሎ ሻይ። ውሃ ሲያዝዙ አቡሽ ዋጋውን ሰምቶ ቅንድቡን ሰቀለ፤ እናቱ «ቦቴው ነዳጅ ፈጅቶ እኮ ነው የሚያመጣው» አሉት። ትንሽ ፈገግ አለ። ከዚያ ለእህቱ በዓይኑ ምልክት ሰጣት። እትዬ መጋረጃ ምልክቱን አዩት። ሚጡ ብርጭቆዋን አስቀመጠች፣ እንደገና አነሣች።

«እማዬ...» አለች።

«ተይው ሚጡዬ» አሉ እናቷ። «ጠዋት መታጠቢያ ቤት ሆኜ ሰምቻችኋለሁ።»

ሚጡ ፊቷ ደም መሰለ። ከጎናቸው ያሉት ሰዎች ላንዱ ልደት ያጨበጭቡ ጀመር፤ ጭብጨባው እስኪያልቅ ሦስቱም እሳቱን እያዩ ጠበቁ። «ቀኑን ሙሉ እያወቅሽ?» አለች ሚጡ በመጨረሻ። «ታዲያ ምን ላድርግ፣ ቀኔን ላበላሽ?»

«እማዬ፣ ስሚኝ» አለ አቡሽ፣ ለደንበኛ መድኃኒት ሲያስረዳ በሚጠቀምበት ለስላሳ ድምፅ። «ቤቱ ያረጀ ነው፣ ጣሪያው ያፈስሳል፣ አንቺም ብቻሽን ነሽ። የአባዬ ቤት እንደሆነ እናውቃለን፤ እንደሚከብድሽም...»

«የትኛው የአባትህ ቤት?» አሉ እትዬ መጋረጃ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «አባትህ እዚያ ቤት የገባው ታሞ ነው። የመጨረሻውን ዓመት አልጋ ላይ ሆኖ ጣሪያውን ሲቆጥር ነው የሞተው። እኔ እዚያ ቤት ውስጥ ምኑን ነው የምናፍቀው፣ ሳሉን? የአባታችሁ ቤት ጎማ ነበረው። ሥራው ሲያልቅ ትራክተር መጥቶ ጎተተውና ሄደ። ያን ቀን ነው ያለቀስኩት፤ ለቅሶዬንም የጨረስኩት ያን ቀን ነው። ያንን ቤት እስከ ዛሬ ይዤ የቆየሁት ለእናንተ ብዬ ነው። ዘወር ሲሉ መመለሻ አይጡ ብዬ።»

ልጆቹ ተያዩ። «እኛ ደግሞ አንቺ ከቤቱ አትለዪም ብለን...» ብላ ጀመረች ሚጡ፤ አልጨረሰችውም።

«ማንም አልጠየቀኝማ። እኔም አልጠየቅኳችሁም፣ እሱ ልክ ነው። ግን እኔ ከግድግዳ ጀርባ ሆኜ አልተማከርኩባችሁም።» ሻያቸውን ፉት አሉ። «እፈርማለሁ። ቤቱን ተካፈሉ። እኔን ግን አትካፈሉኝ። ግማሽ ዓመት እዚህ፣ ግማሽ ዓመት እዚያ፣ ሻንጣ ይዤ እንደ አዟሪ ነጋዴ አልዞርም። አንዲት ክፍል ተከራዩልኝ። ቁልፉ የኔ የሆነ፣ መስኮቱ መንገድ የሚያሳይ።»

አቡሽ ትራሱን ገፍቶ ቀና አለ። «ክፍል? ሁለት ልጅ እያለሽ ኪራይ ቤት? ሰው ምን ይለናል እማዬ? እናታቸውን አወጡ አይሉንም?»

«ሰው ጠዋት ወጥ ቤት አልነበረም። እናንተ ነበራችሁ።»

አቡሽ ተነሥቶ ከክቡ ወጣ። ድንኳኖቹን አልፎ የእሳቱ ብርሃን እስኪተወው ድረስ ሄደ። ሚጡ ልትከተለው ስትል እናቷ ክንዷን ያዙ። «ተይው። አባቱም ሲናደድ ወደ አሸዋው ይወጣ ነበር። አሸዋ አያናግርህም፣ ስትደክም ትመለሳለህ ይል ነበር።» ሚጡ ወደ እናቷ ተጠግታ ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣለች። ፀጉሯ ውስጥ አሸዋ ነበረ፤ እናትዋ በጣታቸው ቀስ እያሉ አራገፉላት። «ተናድደሽብኛል?» አለች ሚጡ። «ተናድጄ ነበር። ከኮረብታው ስወርድ ግማሹ ረገፈ።» «የቀረውስ?» «የቀረውን ቀስ ብዬ ነው የማራግፈው፣ አትቸኩዪ።» እንዲያ እያሉ ቆዩ።

አቡሽ ሲመለስ ጫማው በእጁ ነበር። ከእናቱ ጎን፣ በሌላው በኩል ተቀመጠ።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። የመድኃኒት ቤቱ ድምፅ አብሮት አልነበረም። «ያ ሲሚንቶ ላይ ስቆም ታየኝ... አባዬ ጭኑ ላይ አስቀምጦኝ፣ በጣም ትልቅ መሪ፣ እጄ የማይጨብጠው። ከፊታችን አፈሩ እንደ ውሃ እየተገለበጠ። ደግሞ እሱ የሆነ ነገር ያፏጫል። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሁልጊዜ ሕልም ነው እል ነበር።»

እትዬ መጋረጃ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሕልም አይደለም» አሉ። «ሐሙስ ሐሙስ ነው። ኃላፊው ወደ ከተማ ሲሄድ ጠብቆ ያወጣህ ነበር። እኔ ይወድቃል ብዬ ከኋላ እየሮጥኩ እጮሃለሁ፤ እሱ አይሰማም፣ ሞተሩ ነው የሚሰማው። አንተ ደግሞ አንድ ቀን እዚያው ጭኑ ላይ እንቅልፍ ወስዶህ መንገዱን አጣመምክበት። በማግስቱ እንደገና ደለደለው።»

አቡሽ ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና በእጁ አፉን ሸፈነ። እናቱ እንዳላዩ ሆነው ወደ ሚጡ ዞሩ። ካፒቴን ከወዲያ ማዶ ብቅ ብሎ መኪናው ዝግጁ መሆኑን በእጁ አሳየ። አቡሽ ቀና አለና «ትንሽ ይጠብቁን፣ ይቅርታ» አለው። ከዚያ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ፣ ወደ እናቱ ሳያይ፣ «ክፍሏ ፎቅ ላይ መሆን የለባትም» አለ። «ደረጃ አትችይም።»

«ዛሬ ኮረብታ ወጥቻለሁ፤ ለማንኛውም ምድር ቤት ይሁን» አሉ። «አልጋ፣ የስፌት መኪናዬ፣ አንዲት ምድጃና ሁለት ወንበር ይበቃኛል።»

«ሁለተኛው ወንበር ለማን ነው?» አለች ሚጡ።

«ከእናንተ ለመጣው።»

«ሁለታችንም ብንመጣስ?»

እትዬ መጋረጃ ለመነሣት አንድ እጃቸውን ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላዋ ዘረጉ። «ሁለታችሁም ከመጣችሁማ» አሉ፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ «ዘግይቶ የመጣው አልጋው ላይ ይቀመጣል።»